ጥቁሯ ነጥብ፦ የቪዲዮ ዴክና የድሮ የስለላ ፊልሞች ትውውቅ

የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅላ ነበር። የዕለቱ ፊልም ስም በጠመኔ ይጻፍባታል፤ ከስሙ ጎን "የጦርነት" ወይም "የሰላይ" የሚል ከተጨመረ ሃምሳ ሳንቲማችንን ከፍለን ለመግባት ሌላ ምክንያት አያስፈልገንም። ውስጡ ጨለማ ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ተሸፍኗል፤ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንቀመጣለን። ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥኑ፣ ከሥሩ ደግሞ ዴኩ አለ። ባለቤቱ ካሴቱን ሲያስገባ ዴኩ አንዴ ቀጭ ይልና ውስጡ የሆነ ነገር መሽከርከር ይጀምራል። ያ ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ከነዚያ ቀኖች በአንዱ የታየው "ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ" ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካይሮ በእንግሊዝ ጦር የመረጃ ክፍል ያገለግል የነበረው ቲ. ኢ. ሎውረንስ፣ በኦቶማን ቱርክ ላይ ወዳመፁት አረቦች ተልኮ የሆነውን የሚተርክ ፊልም ነው፤ ስለላም ጦርነትም አለበት። ሎውረንስና መንገድ መሪው አንድ የበረሃ ጉድጓድ ዘንድ ውኃ ሲጠጡ ድንገት ዐይናቸውን ወደ አድማስ ይተክላሉ። እኛም ተከልን። ምንም የለም። የደበዘዘ ሜዳ፣ የደበዘዘ ሰማይ፣ ዝምታ። "ጋሼ፣ ዴኩ ቆሟል!" ብለን ጮኽን። ባለቤቱ ተነሥቶ ዴኩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። በመጨረሻ ጥቁር የለበሰ ግመለኛ ብቅ ሲል፣ ካሴቱ ዘልሎ ያመጣው መሰለን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ፊልም ታድሶ ከወጣ ዲስክ ላይ አየሁት። አድማሱ ላይ፣ በሙቀቱ ብልጭልጭታ ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀጠቀጣለች። ቀስ በቀስ ትረዝማለች፤ ግመል ትሆናለች፤ በግመሉ ላይ ሰው ይታያል፤ ሰውየውም በግብፃዊው ተዋናይ በኦማር ሸሪፍ የተሠራው ሸሪፍ ዓሊ ነው። ለካ ያን ቀን ዴኩ አልቆመም። እኛ ያየነው ካሴት ላይ ነጥቧ አልነበረችም።

ነጥቧ የት ጠፍታ እንደነበረና እንዴት እንደተመለሰች ማወቅ፣ የቤት ቪዲዮ የሚባለውን ነገር ከሥሩ ማወቅ ነው። የድሮ የስለላና የጦርነት ፊልሞችን "አይቻቸዋለሁ" የምንል ብዙዎቻችን፣ በእርግጥ ያየናቸው በግማሽ ነው።

ዴኩ ሲከፈት

የዴክ ክዳን ተነሥቶ ካሴት ሲገባበት ማየት ያስደስታል። ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ወደ ካሴቱ ሆድ ይገቡና ክሩን ስበው ያወጡታል፤ ከዚያም አንድ የሚያብረቀርቅ የብረት ከበሮ ዙሪያ ከግማሽ በላይ ይጠመጥሙታል። ከበሮው የጎን ስፋቱ 62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሽ ዘመም ብሎ ተተክሏል። ጠርዙ ላይ ትይዩ የተቀመጡ፣ በዐይን ለማየት የሚያስቸግሩ ሁለት "ሄዶች" አሉ። ምስሉን ከክሩ ላይ የሚያነቡት እነሱ ናቸው። ከበሮው በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በልጅነታችን ጸጥ የሚያሰኘን ድምፅ የሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ሽክርክሪት ለምን አስፈለገ? በሙዚቃ ካሴት ውስጥ ሄዱ ቆሞ ክሩ ብቻ በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልፋል፤ ለድምፅ ይህ ይበቃል። ምስል ግን ከድምፅ እጅግ የበዛ መረጃ ይሸከማል። ሄዱ እንደቆመ ምስል እንቅረጽ ቢባል፣ በሰከንድ አምስት ሜትር ያህል ክር ማለፍ ሊኖርበት ነው፤ ለሦስት ሰዓት ፊልም ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ክር ያስፈልጋል ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ፣ ክሩን ከማስሮጥ ይልቅ ሄዱን ማሽከርከር ነው። ክሩ በሰከንድ 2.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያዘግማል፤ ከሙዚቃ ካሴት እንኳ ይዘገያል። ሄዶቹ ግን በዘመመው ከበሮ ላይ እየከነፉ ክሩ ላይ ሰያፍ መስመር በመስመር ይጽፋሉ፤ ያንኑም ተከትለው ያነባሉ። ሁለት ሰያፍ መስመር አንድ ሙሉ ምስል ነው። እንዲህ ሆኖ የሦስት ሰዓት ፊልም 250 ሜትር ገደማ በሆነ ክር ውስጥ ይገባል።

ፊልሙን ለአፍታ ስናቆመው ክሩ ይቆማል እንጂ ከበሮው አይቆምም፤ ሄዱ ያንኑ መስመር ደጋግሞ ይፍቀዋል። ዴኩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ የሚያጠፋው ክሩን ከመፋቅ ለማዳን ነው። ብዙ የተወደደ፣ ብዙ የታየ ካሴትም ቶሎ የሚያረጀው ስለዚህ ነው፤ የሰፈር ቪዲዮ ቤት ካሴት ደግሞ የሚታየው በቀን ብዙ ጊዜ ነበር።

ይህን ዓይነቱን ካሴት፣ ቪኤችኤስን፣ የጃፓኑ ጄቪሲ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሶኒ ከአንድ ዓመት በፊት ቤታማክስን አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቤታማክስ የሚይዘው አንድ ሰዓት ሲሆን ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይይዝ ነበር። ፊልም የሚባለው ነገር በብዛት ሁለት ሰዓት ገደማ ነውና ልዩነቱ ትልቅ ነበር። በ1977 አንድሬ ብሌይ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ከትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ የ50 ፊልሞች የካሴት መብት ገዛ። የጦርነት ፊልሙ "ፓተን" ከነዚያ መካከል ነበር። ከዚያ በፊት አንድ የድሮ ፊልም ዳግም ማየት የፈለገ ሰው፣ ሲኒማ ቤት ወይም የቴሌቪዥን ጣቢያ እስኪያስታውሰው መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ፊልም እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ሁለቴ እንዲታይ የተሠራ

በዚህ ለውጥ ከሁሉ በላይ የተጠቀመው የስለላ ፊልም ይመስለኛል፤ የስለላ ፊልም ሁለቴ እንዲታይ ሆኖ የተሠራ ነውና። በ1965 የወጣውን "ዘ ስፓይ ሁ ኬም ኢን ፍሮም ዘ ኮልድ" እንውሰድ። ሪቻርድ በርተን የሚጫወተው ሊማስ፣ የምሥራቅ ጀርመኑን የስለላ ሹም ሙንትን ለማጥፋት የተላከ ይመስለዋል፤ እኛም ይመስለናል። መጨረሻ ላይ ግን ሙንት የእንግሊዞች ሰው እንደሆነ፣ ሊማስም የተላከው ሊያድነው እንደሆነ ይገለጣል። ይህን አውቆ ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ተመልካች ሌላ ፊልም ነው የሚያየው። የለንደኑ አለቃ ሊማስን ሲልከው የተናገራት እያንዳንዷ ደግ ቃል አሁን ታስፈራለች።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከዋናው ተናጋሪ ፊት ላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው፤ በር ሥር በቆመው ሰው፣ በጥጉ ባለው ጥላ። በ1949 በወጣው፣ ቪየና ላይ በተሠራው "ዘ ሰርድ ማን" ውስጥ ሞተ የተባለው ሃሪ ላይም የሚገኘው በጨለማ በር ሥር ነው፤ መኖሩን የምታሳብቅበትም እግሩ ሥር ያለች ድመት ናት። ካሴት ደግሞ ከብዙ ፊልሞች ላይ የቆረጠው ይህንኑ ጠርዝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስፋቱ ከቁመቱ በሲሶ ብቻ ይበልጣል። "ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ" ግን ስፋቱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ እንዲሆን ተደርጎ በትልቅ ፊልም የተነሣ ነው። ያን ሰፊ ምስል የሳጥኑን ቁመት እስኪሞላ ካሰፉት፣ ከስፋቱ ወደ አርባ በመቶ የሚጠጋው ከውጭ ይቀራል። ካሴቱን የሚያዘጋጀው ባለሙያ የቱ ይቅር የቱ ይውጣ ብሎ በየትዕይንቱ ይመርጣል፤ ሁለት ሰዎች ከዳርና ከዳር ቆመው ሲነጋገሩ አንደኛው ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ካሴት የሚይዘው ዝርዝር ጥቂት ነው፤ በጎን ወደ 240 መስመር ብቻ ይለያል። በረሃ ላይ በሩቁ የምትታይ የግመል ጥላ እዚያ ውስጥ ቦታ የላትም። ነጥቧ የጠፋችው እንዲህ ነው።

ነጌቲቩን ማከም

እንዴት እንደተመለሰች የሚነግረን የእድሳት ሙያ ነው። ዴቪድ ሊን ፊልሙን በታኅሣሥ 1962 ለንደን ላይ ሲያስመርቅ 222 ደቂቃ ይረዝም ነበር። ወዲያው ሃያ ደቂቃ ተቆረጠለት፤ በ1971 ዳግም ሲወጣ 187 ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1980ዎቹ ሮበርት ሃሪስ የተባለ የፊልም አዳሽ የተቆረጡትን ቁርጥራጮች ከየቆርቆሮው መሰብሰብ ጀመረ። ምስሉ ቢገኝም የአንዳንዱ ትዕይንት ድምፅ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ፒተር ኦቱል፣ አሌክ ጊነስና አንቶኒ ኲን ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ተጠርተው የራሳቸውን ወጣት ከንፈር እያዩ ንግግራቸውን ዳግም ቀረጹ፤ የሸመገለው ድምፅም የወጣት እንዲመስል በመሣሪያ ተስተካከለ። ጃክ ሆኪንስ ግን በ1973 ሞቷል። የሱን ቃል ቻርልስ ግሬይ ተናገረለት፤ ይኸው ሰው በ1971ዱ የጄምስ ቦንድ ፊልም ብሎፌልድ ሆኖ የተጫወተው ነው። ፊልሙን ያቀናበረችው አን ኮትስም ከሊን ጋር ሆና በእድሳቱ ሠራች። በ1989 ፊልሙ ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆኖ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሕክምና የተደረገው ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ነው። ሶኒ ፒክቸርስ ዋናውን ነጌቲቭ ፍሬም በፍሬም በኮምፒዩተር አስነበበ። ነጌቲቩ በቅርብ ሲታይ፣ የበረሃው ሙቀት ምስሉን በያዘው ልባስ ላይ የተዋቸው፣ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቁ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበት ነበር። እነሱን የፊቱን መጨማደድና የአሸዋውን ቅንጣት ሳይነኩ ለይቶ ማንሳት የእድሳቱ ከባድ ሥራ ነበር። በ2012 በብሉ ሬይ፣ በ2020 ደግሞ በፎር ኬ ዲስክ የወጣው ይህ ቅጂ ነው። ነጥቧ መጀመሪያም ነጌቲቩ ላይ ነበረች፤ ሰዎቹ ከላይዋ ያለውን ጠረጉላት።

እንዲህ ያለው ሥራ እጅግ ውድ ነው። ለብዙ የድሮ ፊልሞች ያስቻለውም ሰዎች ፊልሙን ቤታቸው ለማስቀመጥ መግዛታቸው ነው። የጄምስ ቦንድ ፊልሞች በ2006 በዲቪዲ ዳግም ሲወጡ ሎውሪ ዲጂታል ነጌቲቮቹን አስነብቦ ያጸዳቸው ለዚሁ የቤት ገበያ ነበር።

በጀርባው ያለችው አገር

ጠርዙን ማየት ለኛ ሌላም ትርጉም አለው። በ1973 የወጣው "ሻፍት ኢን አፍሪካ" ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀርጿል። ሪቻርድ ራውንድትሪ የሚጫወተው የኒውዮርክ መርማሪ፣ ወጣት አፍሪካውያንን በሥራ ስም ወደ አውሮፓ የሚሸጡ ሰዎችን ለማጋለጥ ማንነቱን ደብቆ ይገባባቸዋል፤ ሥራው የሰላይ ሥራ ነው። የኛው ደበበ እሸቱም "ዋሳ" ሆኖ ተጫውቶበታል። ፊልሙ ከተሠራ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፈውም፣ በሥራ ስም ሰው የመሸጡ ነገር ዛሬም ከቤታችን አልራቀም።

ይህን ፊልም ከአባቱ ጋር የሚያይ ሰው ድብድቡን ብቻ አያይም። አባትየው "እስኪ አቁመው" ይላል፤ ከተዋናዩ ጀርባ ያለውን ሰው፣ አለባበሱን፣ መንገዱን ለማየት። እንዲያ ለማየት ፊልሙ ሙሉ ስፋቱን ይዞ መምጣት አለበት።

ዳግም ለማየት ለሚቀመጥ

በመጀመሪያ ርዝመቱን ያረጋግጡ። "ዘ ሰርድ ማን" በእንግሊዝ 104፣ ለአሜሪካ ተቆርጦ ሲቀርብ 93 ደቂቃ ነበር። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከበኞችን የሚያሳየው "ዳስ ቦት" በ1981 ሲኒማ ቤት ሲገባ 149 ደቂቃ ነበር፤ በ1997 ዳይሬክተሩ 209 ደቂቃ አድርጎ አቀናበረው፤ የቴሌቪዥኑ ደግሞ ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። ሁሉም ልዩነት ግን መቆረጥ አይደለም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን የኛ አገር ቴሌቪዥን ስልት፣ ፓል፣ 25 ነው። ስለዚህ በፓል ካሴት ወይም ዲቪዲ ላይ ፊልሙ በአራት በመቶ ይፈጥናል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም ወደ አምስት ደቂቃ ያጥራል።

ሁለተኛ፣ ከላይና ከታች የሚታየው ጥቁር መስመር ጉድለት አይደለም፤ ሙሉው ስፋት መገኘቱን የሚነግር ምልክት ነው። ምስሉን የሚለጥጠውንና እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውን የቴሌቪዥን ማስተካከያ ያጥፉት። ከአሜሪካ የሚመጣ ዲቪዲ የሚዘጋጀው ለክልል 1 ሲሆን ኢትዮጵያ ያለችው በክልል 5 ነው፤ ማጫወቻው ሁሉንም የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የፎር ኬ ዲስክ ግን የክልል ገደብ የለውም።

ቤት ውስጥ ካሴት ካለ፣ ክሩ ወደ አንድ ወገን ተጠምጥሞ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ። የመጨረሻው የዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ማምረት አቁሟል። የቦንድ ፊልም ተመልሶ ይገዛል። የእናትና የአባት ሠርግ ያለበት ካሴት ግን አንድ ነው፤ የሚሠራ ዴክ ሳይጠፋ ይገልበጥ።

ባለፈው ክረምት "ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ"ን ከልጄ ጋር አየሁት። ጉድጓዱ ዘንድ ስንደርስ ሎውረንስና መንገድ መሪው ዐይናቸውን ወደ አድማስ ተከሉ። ሜዳው ዝም አለ። አንድ ነገር ልላት አፌን ስከፍት እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች።

"አባዬ፣ አየኸው? ሰው እየመጣ ነው።"