ዕጣ፣ አጋጣሚና ምርጫ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

«በዛብህና ሰብለ ወንጌል አብረው ለመኖር ያልቻሉት ለምንድን ነው?» ተብሎ በክፍል ውስጥ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ዕድላቸው ስለሆነ» የሚል ነው። መልሱ ለልብ የሚቀርብ ቢሆንም፣ ልቦለዱ የሚያነሣውን ዋና ጥያቄ ገና ሳይከፈት ይዘጋዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተመው በዚህ ሥራ ውስጥ የዕጣን፣ የአጋጣሚንና የገጸ ባሕርያትን ምርጫ ድርሻ ለይቶ ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን እንመልከት። «ዕድል» የሚለው ቃል «አደለ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ነው። ስለዚህ ዕድል ካለ አዳይ አለ ማለት ነው። «አጋጣሚ» ግን ከ«ገጠመ» የወጣ በመሆኑ፣ በየራሳቸው መንገድ ይሄዱ የነበሩ ሁለት ነገሮች ማንም ሳያቅደው መገናኘታቸውን ያመለክታል። «ዕጣ» በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ አወጣጡ እንደ አጋጣሚ ነው፣ ከወጣ በኋላ ግን እንደ ውሳኔ ይጸናል። እንግዲህ ገጸ ባሕርያት ስለ ዕድላቸው ሲናገሩ፣ አንባቢ «ያደለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ልቦለዱ መጀመሪያ ብንመለስ የበዛብህን እናት ውድነሽ በጣሙን እናገኛለን። ባሎቿ ተከታትለው ይሞቱባታል። ሞቱ አጋጣሚ ነው፤ «ገፊ ናት» የሚለው ፍርድ ግን የሰው ነው። ሰው አጋጣሚውን ወስዶ ዕጣ አደረገባት። ቦጋለ መብራቱ ደግሞ ይህን ፍርድ አልፎ ያገባታል። ስለዚህ በዛብህ ራሱ የተወለደው ዕጣ ነው የተባለውን ነገር አንድ ሰው አልቀበልም በማለቱ ነው።

በዛብህን ከጋብቻ የሚያግደው ስለትም ከዚሁ ተለይቶ አይታይም። ስለቱን የተሳሉት ልጃቸው እንዲተርፍላቸው የፈለጉ ወላጆቹ ናቸው። ለእነሱ ምርጫ የነበረው ነገር፣ ምንም ላልተጠየቀው ልጅ ዕጣ ሆኖ ይደርሰዋል። በሰብለ ወንጌል በኩልም ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አማች ሲያማርጡ የልጃቸው የጋብቻ ጊዜ ያልፋል። እዚህም አዳዩ የሚታወቅ ሰው፣ የሚያድልበትም ሥርዓት የሚታወቅ ሥርዓት ነው። ጉዱ ካሣ ሳይታክት የሚነቅፈው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

በአንጻሩ የልቦለዱ መጨረሻ በአጋጣሚ የተሞላ ነው። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች፤ እሱ ደግሞ መንገድ ላይ በወንበዴዎች እጅ ይወድቃል፤ ስታገኘው ሊሞት ተቃርቧል። ይህ የሴራ ድክመት ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በርግጥም አጋጣሚ ችግርን ሲፈጥር አንባቢ በቀላሉ ይቀበለዋል፤ ችግርን ሲፈታ ግን ደራሲው እጁን ያስገባ ይመስላል። እዚህ ግን አጋጣሚው የፈታው ችግር የለም። ያገኘው ነገር ቢኖር ሁለቱ ቀድሞውኑ መርጠው በወጡበት መንገድ ላይ ነው። የአባቷን ቤት ትታ የወጣችው ሰብለ ነች፤ ያንን ያዘዛት ዕጣ አልነበረም። ወንበዴ ሕይወትን ሊቀማ ይችላል፤ ምርጫን ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሽር አይችልም።

በ1962 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ጥያቄውን ወደ ከተማ ያመጣዋል። አበራ ወርቁ ስለት አላሰረውም፤ ሥራውን ትቶ ለሥዕል ልኑር ወይስ ወገኖቹ እንደሚሹት ልኑር እያለ ይዋልላል። የበዛብህ ጭንቀት ሌሎች ከመረጡለት የመነጨ ነው፤ የአበራ ጭንቀት ግን ራሱ መምረጥ ካለበት ነው። ስለዚህ የውጭው ማሰሪያ ሲላላ የነጻ ፈቃድ ሸክም ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ከዚህ የምንረዳው «ዕድላቸው ነው» የሚለው መልስ ገለልተኛ አለመሆኑን ነው። መልሱ ስለቱን የተሳለውንም፣ ዘር የቆጠረውንም፣ «ገፊ» ብሎ የፈረደውንም በአንድ ቃል ነጻ ያወጣል። ከዚህም አልፎ የቦጋለንና የሰብለን ድፍረት ከቁም ነገር ሳይጥፍ ያልፈዋል። ተማሪው ቃሉን ከመጻፉ በፊት አዳዩን ቢፈልግ፣ በልቦለዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ በስም ያገኘዋል።