ከመቻራ ገበያ እስከ ነጋሪት ጋዜጣ፦ የነጋዴው ቅሬታ የሕግ ማሻሻያ የሚሆነው እንዴት ነው?

በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለው ጊዜ ነጋዴው ያለ ቅጣት የንግድ ፈቃዱን የሚያሳድስበት ወቅት ነው። በመቻራም ሆነ በጭሮ፣ በገለምሶም ሆነ በሂርና ፈቃድ ለማሳደስ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ግብሩን አጠናቅቆ መክፈሉን የሚያረጋግጥ ክሊራንስ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት መያዝ ይኖርበታል። ከዚያም ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ያመራል። በመካከሉ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለስ» የሚሉትን መልሶች ያልሰማ ነጋዴ ማግኘት ያዳግታል።

ጉዳዩ አርሶ አደሩን የማይመለከት ይመስላል፤ ይሁንና በሚገባ ይመለከተዋል። በሐረርጌ የቡና ለቀማ ከዚሁ የእድሳት ወቅት ጋር ይገጥማል። ቡና ወይም ኦቾሎኒ የሚሰበስበው ነጋዴ ሦስት ቀን ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ የሚያወጣውን ወጪና የሚያጣውን ገበያ ከኪሱ ብቻ አይሸፍነውም። ከፊሉ ለገበሬው በሚሰጠው ዋጋ ላይ ይወራረዳል።

እንዲህ ያለው ምሬት አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ቤት ውስጥ ተጀምሮ ሻይ ቤት ውስጥ ያበቃል። ከዚያ አውጥቶ ሕግና አሠራር ወደሚቀየርበት ጠረጴዛ ማድረስ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሙያተኞቹ በንግድ ምክር ቤቶችና በዘርፍ ማኅበራት ውስጥ የሚሠሩ የፖሊሲ ተሟጋቾች ሲሆኑ፣ ሥራቸው በተለምዶ «አድቮኬሲ» ይባላል። ለአንድ ነጋዴ ጉዳይ ከሚያስፈጽም ሰው ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። ጉዳይ አስፈጻሚው የአንዱን ሰው ፋይል ያንቀሳቅሳል፤ ተሟጋቹ ግን የሁሉም ፋይል ለምን እንደሚቆም ይጠይቃል።

የሥራው ሕጋዊ መሠረት የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችን ለማቋቋም በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ነው። በአዋጁ መሠረት መሰላሉ ከወረዳና ከከተማ ይጀምራል፤ ወደ ክልል ያድጋል፤ በመጨረሻም ወደ ኢትዮጵያ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ይደርሳል። አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህም ሁለት ገጽ አለው፤ ነጋዴው ያለ ውዴታው መዋጮ አይጠየቅም፣ በአንጻሩ አባል የሌለው የትንሽ ከተማ ምክር ቤት ባለሙያ ቀጥሮ ጥናት የማሠራት አቅም አይኖረውም። የትልልቅ ከተሞች ነጋዴዎች ድምፅ ጎልቶ፣ የመቻራው ድምፅ ሳስቶ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በፌዴራል ደረጃ በ2002 ዓ.ም. ንግድ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት በተፈራረሙት የመግባቢያ ሰነድ የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ ተቋቋመ። ታክስ፣ ጉምሩክ፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በዚህ መድረክ በተደጋጋሚ የተነሡ አጀንዳዎች ናቸው። በመድረኩ ላይ «ነጋዴው ተማሯል» የሚል ንግግር ብዙ ርቀት አያስኬድም። የሚያስኬደው ቅሬታው በጽሑፍ ተተንትኖ፣ የሚሻሻለው አንቀጽ ተለይቶ፣ አማራጭ ተያይዞ ሲቀርብ ነው።

ጥሩ ተሟጋች ባለሙያ አንድ ቅሬታ ሲቀርብለት በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስህተቱ ያለው የት ነው?» ብሎ ነው። በአዋጁ ውስጥ ነው? አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው መመሪያ ውስጥ ነው? ወይስ ሁለቱም ደኅና ሆነው ሳለ በቢሮው አሠራር ላይ ነው? መልሱ የሚንኳኳውን በር ይወስናል። የወረዳ ሠራተኛ ሊለውጠው በማይችለው አንቀጽ ምክንያት የሚወቀስበት፣ በአንጻሩ በአንድ ቀን ሊታረም የሚችል የቢሮ ልማድ «ሕጉ ነው» ተብሎ ዓመታት የሚቆይበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ስህተቱ ከአዋጁ ሲሆን ነገሩ ጊዜ ይወስዳል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሕግ ለዚህ ማሳያ ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 686 በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 980 ተተካ፤ ይህም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1150 ተሻሻለ። በእነዚህ ዓመታት ለአንዳንድ የንግድ ዓይነቶች ይጠየቅ የነበረው የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ቀርቷል፤ የንግድ ስምን በጋዜጣ ማሳወጅም እንዲሁ። ጋዜጣ በማይደርስበት ከተማ ሱቅ የሚከፍት ሰው በጋዜጣ እንዲያሳውጅ መጠየቁ ማንን ይጠቅም እንደነበር ለመናገር ይከብዳል። ለለውጡ የሀገር ውስጥ ግፊት ብቻውን ምክንያት አልነበረም። ኢትዮጵያ የዓለም ባንክ ያወጣው በነበረው የንግድ ሥራ ምቹነት ደረጃ ከ190 አገሮች 159ኛ ላይ መቀመጧም መንግሥትን አስቸኩሏል። ባንኩ ያንን መለኪያ በመረጃ አያያዝ ጉድለት ምክንያት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አቋርጦታል፤ የቢሮ ምልልሱ ግን ከመለኪያው ጋር አብሮ አልተቋረጠም።

ስህተቱ ከመመሪያው ሲሆን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ትልቅ መሣሪያ ነው። አዋጁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ይፋ እንዲያደርጉና የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ተመዝግቦ ይፋ ያልተደረገ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ስለዚህ «በውስጥ መመሪያ ተከልክሏል» የሚል መልስ የተሰጠው ሰው መመሪያውን ማየት እንደሚፈልግ በጨዋነት መጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ አዋጅ የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትን ነው። ነጋዴው በየቀኑ የሚያገኛቸው የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ የክልሉ መዋቅር አካላት ናቸው። የክልል ምክር ቤቶች ተሟጋቾች ለክልሉ ቢሮዎች ተመሳሳይ ግዴታ እንዲኖር ቢጠይቁ ለትንንሽ ከተሞች ከብዙ የሥልጠና መድረኮች የበለጠ ይጠቅማሉ የሚል እምነት አለን።

ስህተቱ ከአሠራሩ ሲሆን መመዘኛው ብዙ ጊዜ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሰነድ አንድ አገልግሎት በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ክፍያና ምን ምን ሲሟላ እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ብዙዎቻችን አጠገቡ ቆመን ተራ ስንጠብቅ አናነበውም። ተሟጋቹ ግን ከእሱ ይጀምራል። ሃያ ወይም ሠላሳ ነጋዴዎች በአንድ የእድሳት ወቅት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ፣ በየትኛው ቀን ምን መልስ እንደተሰጣቸው፣ ለመጓጓዣና ለፎቶ ኮፒ ምን ያህል እንዳወጡ በደብተር ቢይዙ፣ ያ ደብተር ከቻርተሩ ጎን ሲቀመጥ በቂ ማስረጃ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይችልም፤ የሠራተኛ ወይም የመሣሪያ እጥረት ካለበት ለበላይ አካል የሚያቀርበው ማስረጃ ይሆነዋል። መፍትሔ ከጠፋ አቤቱታውን ያለ ክፍያ የሚቀበለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

የማስረጃ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በዚያ ወቅት ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች በሆነው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ላይ የተጣለው የቀን ገቢ ግምት በርካታ የኦሮሚያ ከተሞችን አስቆጣ፤ ሱቆችም ተዘጉ። ግምቱ ለስድስት ዓመታት ያህል ሳይከለስ ቆይቶ በአንድ ጊዜ መከለሱ ድንጋጤውን አባብሶታል። ቅሬታ ማቅረቢያው ሲከፈት ግን ብዙው ትንሽ ነጋዴ የዕለት ሽያጩን የሚያሳይ መዝገብ አልነበረውም። ገማቹም ተገማቹም በዓይን መጠን ብቻ ተከራከሩ።

አርሶ አደሩ በበኩሉ የንግድ ምክር ቤት አባል ባይሆንም ሌላ በር አለው፤ እሱም የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናን በጨረታ ብቻ መሸጥን ያስገድድ የነበረው አሠራር ተከፍቶ ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ከተፈቀደ በኋላ ነው ያደገው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም ያ መብት ለዩኒየኖቹ ተጠብቆ ቆይቷል።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የበርካታ ተቋማትን መስኮቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል፤ አሠራሩም ወደ ክልሎች እየሰፋ ነው። ተሟጋቾች አሁን ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ ማዕከሉ ከዞን ከተማ ሲርቅ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ከመቻራ ጭሮ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገልግሎቱ ጭሮ ላይ ቢቆም ለመቻራው ነጋዴ የተሰበሰበው መስኮት ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን የመኪና መንገድ ይጠይቀዋል። በኢንተርኔት ይሰጥ ቢባልም መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት የሚስተናገድበት አማራጭ በጽሑፍ መደንገግ አለበት።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተሙት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የዳሮ ለቡ ገበያ የሚነግደው ግን በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው። ረቂቅ ሕግ ለአስተያየት ሲወጣ ፍሬ ነገሩን በአፋን ኦሮሞ በሁለት ገጽ አዘጋጅቶ በገበያ ቀን ማሰራጨት ለአንድ ምክር ቤት ከባድ ወጪ አይደለም። አስተያየቱ ተሰብስቦ ወደ ጭሮ፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ምክር ቤት ሊላክ የሚችለው ነጋዴው ረቂቁን ካነበበ በኋላ ነው።