ሌሊት «አለ» ያለ ስልክ፣ ጠዋት የሌለ በግ

አንድ የጅዳ ገዢ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በዋትስአፕ ጻፈልዎ እንበል፦ «200 በግ፣ ርክክብ በርበራ»። እርስዎ ቶጎ ውጫሌ ተኝተዋል። ስልክዎ ግን ነቅቶ «በጎቹ ዝግጁ ናቸው» ይላል፤ ፎቶና ዋጋም ያስከትላል። በጎቹ የተሸጡት ግን ሐሙስ ዕለት ነው። ገዢው ጠዋት ተነስቶ ስለ መርከብ ሲነጋገር እርስዎ ይቅርታ ይጽፋሉ።

ራሱ የሚመልስ የሽያጭ መስመር ማዘጋጀት ዛሬ ቀላል ነው። ዋትስአፕ ቢዝነስ ካታሎግ፣ የሰላምታ መልእክትና ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚላክ መልእክት አለው። ቴሌግራም ላይም ቦት ገዢውን ተራ በተራ ይጠይቃል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ነው። የጫማ ነጋዴን ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይጠብቀዋል። ከብት ግን ይበላል፣ ይከሳል፣ ይታመማል፤ በሌላ ደላላ በኩልም ይሸጣል።

ስልኩ ይጠይቅ፣ ሰው ይመልስ

በራሱ የሚላከው መልእክት ሥራው መጠየቅ ይሁን፦ ምን ዓይነት እንስሳ፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ በቁጥር ስንት፣ በምን ክብደት፣ ርክክብ የት፣ ለየትኛው አገር፣ መቼ። «አለ» የሚለውን ቃልና የመጨረሻውን ዋጋ በረቱን ያየ ሰው ይናገር። የቀብድ መቀበያ ቁጥርም እዚህ መልእክት ውስጥ አይግባ። ቀብድ ተልኮ ከብቱ ከታጣ፣ ድንበር ማዶ ያለው ገዢ ገንዘቡን እስኪያስመልስ ድረስ ስምዎን ለሌሎች ገዢዎች ያነሳል።

ዋጋና ፎቶ ያረጃሉ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል። በብር ተጽፎ የተረሳ ዋጋ ከወር በኋላ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋጋው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ ይጻፍ። ፎቶም ቀን ይኑረው፤ በዝናብ ወቅት የተነሳ የቦረና ሰንጋ በድርቅ ወራት ያው ሰንጋ አይደለም። ከብት በጉዞ ክብደት ስለሚቀንስ፣ የት እንደተመዘነም ይገለጽ።

የሰዓትና የቀን ወጥመድ

«ጠዋት 3 ሰዓት እንደውላለን» የሚል መልእክት የጅዳውን ገዢ ንጋት ሳይቀድ ሊያስነሳው ይችላል፤ በእሱ አቆጣጠር ያ የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። የጤና ምስክር ወረቀት ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። የአምናው ማስታወቂያ ዘንድሮም በዚያው ቀን እንዲወጣ ከተተወ ያንን ያህል ይዘገያል፤ እንስሳቱ ደግሞ ከመጫናቸው በፊት የኳራንቲን ጊዜ አላቸው።

የሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት

በየሳምንቱ በረት ያለውን ቆጥረው ከካታሎጉ ጋር ያስተያዩ። የተሸጠውን ያውጡ፣ ዋጋና ቀኑን ያድሱ። ከዚያ በሌላ ስልክ እንደ ገዢ ሆነው ለራስዎ ይጻፉና የሚመጣውን መልስ ያንብቡ። የዋትስአፕ ቢዝነስ ሰላምታ የሚደርሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍ ወይም 14 ቀን ላልተነጋገረ ሰው ብቻ ነው። ነባር ደንበኛዎ እዚያ የጻፉትን አዲስ ማሳሰቢያ ላያየው ስለሚችል በቀጥታ ይላኩለት።

አንድ ነገር ግን ሰኞን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ የቁም እንስሳትን አግዳ ነበር። እንዲህ ያለ እገዳ ሲመጣ ወይም ድንበር ሲዘጋ መስመሩ በዚያው ቀን መቆም አለበት። እርስዎ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ከሆኑ ማን ይዘጋዋል? የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ አንድ የሚታመን ሰው ከወዲሁ ይሰየም።

ለዚያ የሌሊት ገዢ የሚበቃው መልስ አጭር ነው፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል። ጠዋት በረቱን ቆጥረን፣ በእርስዎ ሰዓት ከቀኑ 10 በፊት እንመልሳለን።» ጠዋት ደግሞ በሰዓቱ መደወል ነው።