«ከዚያው ሆኜ ልሥራ» ስትላችሁ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ቢሯቸውን የለቀቁ ትናንሽ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከቤት ማሠራት ጀመሩ። ሥራው በላፕቶፕና በቴሌግራም ቀጠለ። ይህ ከተለመደ በኋላ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን መሥራት ሩቅ አይመስልም። ከአራዳ ቀጣሪዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄም ይኸው ነው፦ «የሒሳብ ሠራተኛዬ እህቷን ልታርስ አሜሪካ ልትሄድ ነው። ሦስት ወር ከዚያው ሆኜ ልሥራ ትላለች፤ ችግር አለው?»

ችግሩ በቃል «እሺ» ብሎ ማለፉ ነው።

መጀመሪያ ቪዛ። የጉብኝት ቪዛ ለሥራ የተሰጠ አይደለም። ደመወዟ አዲስ አበባ በብር ቢገባም፣ እዚያ ሆና መሥራት ትችል እንደሆነ የዚያን አገር የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ዱባይ ለርቀት ሠራተኛ የተለየ ቪዛ አላት።

ግብር ላይ ደግሞ «አገር ውስጥ ስለሌለች አልቆርጥም» የሚል ቀጣሪ አለ። ስህተት ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሪያ ያለው፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ ከየትም ባገኘው ገቢ ግብር ይከፍላል። ለሦስት ወር ብቻ የሄደች ሠራተኛ ግብሯ እንደወትሮው ይቆረጣል። ጡረታውም ከእሷ 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ ይቀጥላል። ቆይታዋ ሲረዝም ግን የዚያኛው አገር ግብር ሰብሳቢም ድርሻዬን ሊል ይችላል። ከእንግሊዝ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት አለን፤ ከአሜሪካ ጋር የለንም።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን፣ በእነሱ ክረምት ዋሽንግተን ሌሊት 7 ሰዓት ነው። አለቃዋ ቢሮ ገብቶ «የደመወዝ መክፈያውን ላኪልኝ» ሲል፣ እሷ ሕፃን አስተኝታ ገና ጎኗን ማሳረፏ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ያሠራ 1.75 እጥፍ ይከፍላል። የማን ምሽት? የአራዳው ወይስ የዋሽንግተኑ? አዋጁ ይህን አይነግረንም። አገራችንም ድንበር ዘለል ክርክር ሲነሳ የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ የሚወስን፣ ራሱን የቻለ ሕግ አላወጣችም። ስለዚህ መልሱን ውላችሁ ላይ ካልጻፋችሁት፣ ዳኛ ፊት ቆማችሁ ትፈልጉታላችሁ።

የመድን ውላችሁ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚደርስ ጉዳት ይሸፍን እንደሆነም አረጋግጡ። የደንበኞቻችሁ መረጃ በላፕቶፗ አብሯት የሚሄድ ከሆነ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከአገር ሲወጣ የሚጠይቃቸውን ቅድመ ሁኔታዎች እዩ።

እባካችሁ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የሥራ ውሉን በጽሑፍ አሻሽሉ፤ የምትሠራበትን አገር፣ የሥራ ሰዓቱ በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ፣ በተለይም የመመለሻዋን ቀን አስፍሩ። በቃል ፈቅዶ፣ ቀን ሳይቆርጡ ቆይቶ «ከሥራ ቀርተሻል» ብሎ ማሰናበት ሕገወጥ ስንብት ሊባል ይችላል። ሠራተኞችም ይህን እወቁ፦ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው፤ ባሕር ማዶ መሆናችሁ ይህን ጊዜ ያራዝምልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።