ቆሞ የኖረ ሞተር ቢስክሌት ስለ ማስነሣት

በዘመድ ግቢ፣ ከእንጨት ክምርና ከዶሮ ቤት መካከል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ የቆመ ሞተር ቢስክሌት አይቶ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው ብለን እንገምታለን። ባለቤቱ አይሸጠውም፤ አያሠራውምም። ጎረቤት «ለቆራሌው ስጡትና ቦታው ይለቀቅ» ይላል። እኛ ባለፉት ሁለት ክረምቶች በሶዶ ወረዳ በቡኢ ከተማ እንዲህ ያለውን አንድ ሞተር ፈትተን እስኪነሣ ድረስ ስለ ሠራንበት፣ ያገኘነውን ዕውቀት ከነስሕተታችን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። መካኒኮች አይደለንም። ስለዚህ የምናስረዳው መካኒክ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይሆን፣ መካኒክ ያልሆነ ሰው ባለማወቅ የሚያበላሸውን ነው።

ሞተሩ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ሕዝቡ በአጭሩ «ዲቲ» ይለዋል። የያማሃ ፋብሪካ የዚህን ዘር የመጀመሪያ የሆነውን ባለ 250 ሞተር ያወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዓላማው በአስፋልትም ከአስፋልት ውጭም የሚሄድ ቀላል ሞተር መሥራት ነበር። በአገራችን ገጠር የሚሠሩ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ይዘውት የዞሩትም ለዚሁ ጠባዩ ነው። የእኛውን አጎታችን ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ገዙት፤ በግብርና ሥራ ላይ ሳሉ ከቀበሌ ቀበሌ ሲመላለሱበት ቆይተው፣ በ1994 ዓ.ም. ለልጃቸው ለአንድ ቀን አዋሱት። በዚያው ቀን አንድ አቀበት ላይ ድንገት ጮኾ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። እኛ ገና አልተወለድንም ነበር።

በጉራጌ አገር መስቀል ማለት የትም ያለ ልጅ ወደ ቤቱ የሚመለስበት በዓል እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የአጎታችንም ልጅ በየዓመቱ ይመጣል፤ ክትፎው ቀርቦ ጨዋታው ሲደምቅ የሞተሩ ነገር ይነሣል። አጎታችን የሚያቀርቡት ማስረጃ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዘይቱ ሙሉ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። ያለ ልክ ነድቶ ገደለው እንጂ ሌላ ምን አለ?» ልጁ መልስ የለውም። እኛም ሄደን አይተናል፤ በጎን በኩል ያለው የዘይት ጋን በእርግጥ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት የሠራነው ሥራ በሙሉ ስሕተት ነበር ለማለት ይቻላል። አዲስ ቤንዚን ጨመርን፣ ካንዴላ ለወጥን፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን በአስፋልቱ ዳር ገፋነው። ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮኑን ስንለቅ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ዞረ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ሁለት ጊዜ ጭስ ተፋና አንድ የሚቀጭ ድምፅ ሰማን። በኋላ ስንፈታው ፋሻው፣ ይኸውም ፒስቶኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ተሰብሮ የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ምስማር ጭሮት አገኘነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞ ያልሞተውን ሲሊንደር እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገደልነው።

ከዚህ የተነሣ የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር፣ ቆሞ የኖረን ሞተር በመጀመሪያ ለማስነሣት አትሞክሩ የሚል ነው። ካንዴላውን አውጥታችሁ በቀዳዳው ዘይትና ናፍጣ በእኩል ደባልቃችሁ ጥቂት አፍስሱና ሳምንት ያህል ተዉት። ከዚያ ማርሹን የመጨረሻው ላይ አድርጋችሁ የኋላውን ጎማ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ ወዝውዙት። ቢላቀቅም እንኳ አትቸኩሉ፤ ቴስታታውን አንሥታችሁ የሲሊንደሩን ግድግዳ በዓይናችሁ እዩ፣ በጥፍራችሁም ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ይህ ሞተር ለምን ቆመ? እኛ አልጠየቅንም፤ መልሱ በየመስቀሉ ሲነገረን ስለ ኖረ ያወቅነው መስሎን ነበር።

ጥያቄውን ለመመለስ ሞተሩ እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በየከተማው የምናያቸው እንደ ቦክሰር ያሉት ሞተሮች ባለ አራት ምት ናቸው። በእነርሱ ዘይቱ ከሞተሩ ሆድ ተቀምጦ እየዞረ ያለሰልሳል፤ ተመልሶም እዚያው ይጠራቀማል። ዲቲ ግን ባለ ሁለት ምት ነው። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚኑን የሚስበው አስቀድሞ ከበታቹ ወዳለው ክፍል ነው፤ ሲወርድ ያንኑ ጨምቆ በሲሊንደሩ ጎን ባሉት መስኮቶች ወደ ላይ ይልከዋል። የታችኛው ሆድ የትንፋሽ መተላለፊያ ስለ ሆነ ዘይት ሊቀመጥበት አይችልም። ዘይቱ ከትንፋሹ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፤ አለስልሶ ይቃጠላል፤ በማርሚታው በኩል ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቀደም ሲል ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በእጅ ይደባለቅ ነበር። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውቶሉብ የሚባል ትንሽ ፓምፕ አስገብቶ፣ ዘይቱ ከራሱ ጋን በቀጭን ቧንቧ እየመጣ ለሞተሩ በልክ እንዲሰጠው አደረገ። የካምቢዮው ዘይት ከዚህ የተለየ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይተካም።

ከዚሁ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ሆዱ ትንፋሽ የሚያዝበት ስለ ሆነ እንደ ተዘጋ ቆርቆሮ አየር የማያስገባ መሆን አለበት። በክራንኩ በሁለት ጫፍ ያሉት ላስቲኮች ለብዙ ዓመታት ሲቆሙ ይደርቃሉ፤ ሲደርቁም ከውጭ አየር ያስገባሉ፤ አየር ሲበዛ ቤንዚኑም ዘይቱም ያንሳል፤ ሞተሩ ያለ ልክ ይጮኻል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። ዋጋቸው ከፒስቶን ዋጋ ጋር አይወዳደርምና ደህና ቢመስሉም መለወጥ ይሻላል።

እነዚህን ላስቲኮች ስንፈልግ የደረሰብን ነገር ለቋንቋ ተማሪዎች ይጠቅማልና ጥቂት እንቆይበት። የእንግሊዝኛውን የጥገና መጽሐፍ ይዘን መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድን። «ኦይል ሲል» ብንል ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። በሥዕል ብናሳየው ተጠራጠረ። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ፓራዮሊ በሉት እንጂ» ቢሉን፣ ዕቃው በደቂቃ መጣ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። የጣልያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ ከመኪናዎቹና እዚሁ ከቀሩት ሠራተኞች ጋር ጋራዥ ውስጥ ቀርተዋል። በየክፍላችን ስለ ተውሶ ቃላት ብዙ ሰምተናል፤ ያለ ቃሉ ዕቃ እንደማይገኝ ግን ያስተማሩን የሶማሌ ተራው ሽማግሌ ናቸው። እግረ መንገዳችንን እንድንናገር ቢፈቀድልን፣ እጃችን ግራሶ ለብሶ ያየን ሰው ሁሉ «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት?» ይለን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ለሁሉም የደረሰ አይመስልም።

ስለ መፍታቱ ብዙ አንልም። የጃፓን ሞተር ብሎኖች ራሳቸው የመስቀል ቅርጽ ቢኖረውም ከተራው ካቻቢቴ ጋር በትክክል አይገጥሙም፤ በጉልበት ቢያዞሯቸው ራሳቸው ይላጣል። ሦስቱን ካጠፋን በኋላ የተማርነው ዘዴ፣ ካቻቢቴውን ደግኖ በመዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታትና ዝገቱ ከተላቀቀ በኋላ ማዞር ነው። የወጣው ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል በካርቶን ላይ ይሰካ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን እፍ ማለት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

አሁን ወደ ዘይቱ ጋን እንመለስ። በሁለተኛው ክረምት፣ በሐምሌ፣ አሮጌውን ዘይት አፍስሰን ለማጠብ ጋኑን ስናወርድ፣ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቀጭን ቧንቧ በጋኑና በሞተሩ አጥንት መካከል ተጨፍልቆ እንደ ታኘከ አገዳ ሆኖ ተገኘ። በአፋችን ነፋንበት፤ አላሳለፈም። ፒስቶኑን አመጣነው። የእኛ ስብራት በአንድ ወገን አለ፤ በማርሚታው ወገን ግን ሌላ የቆየ ጉዳት ይታያል፤ አሉሚኒየሙ ቀልጦ እንደ ቅቤ ተለቅልቋል። ይህ ዘይት ያጣ ፒስቶን ምልክት ነው። ዘይቱ ሙሉ የሆነው ስላልወረደ ነበር።

አጎታችንን ጠርተን ጋኑ ከመቆሙ በፊት ወርዶ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡ። «ስንጥቅ ነበረበት፤ አስበየድኩት።»

«መቼ ነው ጋሼ?»

«በዋዜማው። ማታ ከጠጋኙ እስከ ቤት ድረስ ብቻ ነዳሁትና ዘይቱን እስከ አፉ ሞላሁት። ጠዋት ልጁ ወሰደው።»

ቧንቧውን ከእጃችን ተቀብለው በብርሃን አገላብጠው አዩትና በኮታቸው ኪስ ከተው ወደ ቤት ገቡ። በዚያን ቀን ከዚህ በቀር የተናገሩት የለም።

የቀረው የገንዘብና የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ሲሊንደሩ ለሬቲፊካ አዲስ አበባ ሄደ። የዲቲ ፒስቶን ስፋቱ 56 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሰፋ ያሉት ፒስቶኖች በየ0.25 ሚሊሜትር ይጨምራሉ፤ እኛ ጭረቱ ጥልቅ ስለ ነበረ ሁለተኛውን ለመግዛት ተገደድን። በፒስቶኑና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት 0.04 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለት ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ቶርኖ ቤቶች የለመዱት የመኪና ሲሊንደር መስኮት ስለሌለው፣ የባለ ሁለት ምትን መስኮቶች ጠርዝ ማለስለስን ሊዘነጉ ይችላሉ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ከቀረ ፋሻውን ይይዝና ይሰብረዋል። ስለዚህ ሲሰጡም ሲቀበሉም ይህን መናገርና በጣት መዳበስ ይገባል።

የቤንዚን ታንከሩን ዝገት በአቼቶ አለቀቅነው፤ ሞልተን አንድ ቀን ካሳደርነው በኋላ ጥቂት ጠጠር ጨምረን ናጥነው፤ በአመድ ውኃ አጥበን አደረቅነውና ወዲያው ውስጡን ዘይት ቀባነው። በካርቡራቶሩ ውስጥ የቆየ ቤንዚን ተንኖ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይተዋል። የጂግለሩ ቀዳዳ በሽቦ አይወጋ፤ ነሐሱ ለስላሳ ስለ ሆነ ይሰፋል። እኛ ከአጎታችን ጭራ አንድ የፈረስ ፀጉር ነቅለን ጠረግነው፤ ፈቃድ ጠይቀን ነው።

ፋብሪካው ጂግለሩን የመጠነው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስተኛ እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ በዚያው ጂግለር ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። በደጋ የሚኖር ሰው አንድ ደረጃ ያነሰ ጂግለር ሊያስገባ ይችላል። ነገር ግን በዚያው ጂግለር ወደ አፋር ቆላ ቢወርድ ቤንዚኑ አንሶ ፒስቶኑ ያልቃልና የመጀመሪያውን አይጣለው።

ሞተሩ የተነሣው መስከረም 13 ቀን ነው። አስቀድመን በፓምፑ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ከፍተን አረፋው እስኪያልቅ ዘይቱን አስወረድን፤ በቧንቧው አየር ካለ ፓምፑ ባዶውን ይዞራልና። ፓምፑን እስክናምነው ድረስ ደግሞ ለመጀመሪያው ታንከር በ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊሊትር የሁለት ምት ዘይት ደባለቅን። በዘጠነኛው ርግጫ ተነሣ። ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹም ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ወገን አላደሩም። ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትሮች ጋዙ እስከ መጨረሻው አይከፈትም።

ልጃቸው ለመስቀል መጣ። በማዕዱ ላይ የሞተሩ ነገር አልተነሣም። በማግስቱ አጎታችን ወደ ግቢው ወስደውት ከኪሳቸው ቧንቧውን አውጥተው ሰጡት፤ የተባባሉትን አልሰማንም። ቦሎው ገና ስላልታደሰ ከመንደሩ መንገድ አልወጣም እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲዞርበት ዋለ። ማታ አጎታችን የዘይቱን ጋን ከፍተው ስንደዶ ነክረው ለኩ። አንድ ጣት ያህል ጎድሎ ነበር። «ጎድሏል» አሉና ራሳቸው ሞሉት። የፊት መብራቱና ፍሬቻው ገና አልተሠራም፤ ራጂዎቹም ዝገዋል፤ ለሚመጣው ክረምት ቀርቷል።