አሮጌ መኪና በግቢ ውስጥ ሲታደስ፤ ለነጋዴው ያለው ጥቅምና ኃላፊነት

ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ባብዛኛው ቅዳሜና እሑድ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ጋራዥ ወይም በግቢያቸው ባሠሩት የቆርቆሮ ዳስ ሥር አሮጌ መኪና ፈታትተው የሚያድሱ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። እነዚህ ሰዎች መካኒክነት መተዳደሪያቸው አይደለም፤ ሐኪም፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ሆነው ሳለ፣ ለገዛ ደስታቸው ሲሉ እጃቸውን በግራሶ የሚያቈሽሹ ናቸው። አንዳንዱ መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት መልክ እንዲመለስለት ይደክማል፤ ሌላው ደግሞ ቀለሙን፣ ቸርኬውንና ወንበሩን እንደ ፈቃዱ ለውጦ የራሱ ልዩ መኪና ያደርገዋል። ባለሱቁ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ለጨዋታ የመጣ ደንበኛ ነው ብሎ ቸል ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ደንበኛ ምን እንደሚፈልግና እንዴት መስተናገድ እንደሚገባው ለአስመጪው፣ ለላኪውና ለባለሱቁ ማስረዳት ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ እንዴት ወደ ትልቅ ንግድ ሊያድግ እንደሚችል ለማየት የአሜሪካን ምሳሌ መመልከት ይበቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ የነበሩ ወጣቶች በርካሽ የገዟቸውን አሮጌ ፎርዶች በየቤታቸው እየፈቱ ሞተራቸውን ማጠናከርና አካላቸውን መለወጥ ያዙ። በ1948 «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔት ለእነርሱ ታትሞ መውጣት ጀመረ። ለዚሁ ሥራ የሚሆን ዕቃ የሚያመርቱት ባለወርክሾፖች በ1963 ማኅበር አቋቋሙ፤ ይኸውም ዛሬ «ሴማ» እየተባለ የሚጠራው ነው። የማኅበሩ የመጀመሪያ የንግድ ትርኢት በ1967 በሎስ አንጀለስ ከተደረገ በኋላ፣ በ1977 ወደ ላስ ቬጋስ ተዛውሮ በዓለም የታወቀ ገበያ ሆነ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሰው በቤቱ ጋራዥ ሆኖ የጠፋ ብሎን መፈለጉ ነበር።

በአገራችን ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው መኪና ቮልስዋገን ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ በ1930ዎቹ የነደፈው ይህ መኪና፣ ከጦርነቱ በኋላ በቮልፍስቡርግ ከተማ በብዛት መመረት ጀምሮ፣ በ1972 የፎርድን «ሞዴል ቲ» የምርት ብዛት አለፈ። በጀርመን አገር መመረቱ በ1978 ሲቆም፣ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ እስከ ሐምሌ 2003 ቀጠለ፤ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርቷል። በኢትዮጵያም ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በአያትና በልጅ ልጅ እጅ ያለፉ ቮልስዋገኖች ሲሄዱ ይታያሉ።

ይህ መኪና በግቢ ውስጥ ለመታደስ የተመቸበት ምክንያት ከአሠራሩ የመጣ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝና ራዲያተር የሌለው ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘውም በአራት ማሰሪያዎች ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከረዳቱ ጋር ሆኖ በክሪክ ደግፎ ሊያወርደው ይችላል። የላይኛው አካል ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ እንጂ የተበየደ ስላልሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ እያንዳንዱን በየተራ ማደስ ይቻላል። ዋናው ጠላቱ ዝገት ነው፤ በተለይም ባትሪው ከኋላ ወንበር በታች ስለሚቀመጥ፣ የሚፈሰው አሲድ በዚያ በኩል ያለውን የወለል ላሜራ ይበላዋል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ጂግለር የሚባለው የቤንዚን ማሳለፊያ እንደ ከፍታው ካልተለወጠ፣ ሞተሩ ቤንዚን እያባከነ ጥቁር ጭስ ያወጣል።

የጊዜው ሁኔታም አሮጌውን መኪና ይበልጥ እንዲከበር አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርት ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ በእጁ የሚሠራ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው፣ መኪናውን በርካሽ ሽጦ ሌላ ከመፈለግ ይልቅ፣ ያለውን ማደስ ይሻለዋል። ስለዚህ አዳሹ ለደስታው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም ጥቅም ጭምር ይደክማል ማለት ነው።

ይህ ደንበኛ የሚገዛውን ዕቃ በሦስት ክፍል ማየት ይቻላል። አንደኛው ጎማና ጓርኒሲዮን ነው፤ የመስታወትና የበር ዙሪያ ጎማ፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የሞተር ጓርኒሲዮን የመሳሰሉት መኪናው ቢቆምም እንኳ በዕድሜ ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ። ሁለተኛው የሞተር፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ዕቃ ነው። ሦስተኛው የጌጥና የመልክ ዕቃ ነው፤ የመብራት ክብ፣ ቸርኬ፣ የወንበር ልብስ፣ ፓራፋንጎ፣ ቀለምና ስቱኮ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከሦስቱ አብዛኛው በዋጋው ትንሽ ነው። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ አንድ መኪና ታድሶ እስኪያልቅ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ሊወስድ ስለሚችል፣ ዛሬ ካንዴላ የገዛ ሰው በሚቀጥለው ወር ፑንቲና፣ ከዚያም ወዲያ ማርሚታ ፍለጋ ይመለሳል። ባትላሜራውም፣ ቀለም ቀቢውም፣ ወንበር ሰፊውም ከዚሁ ሰው እንጀራ ያገኛሉ።

ነጋዴው ከዚህ ደንበኛ ጋር የሚጣላበት ዋና ምክንያት ግን «የቮልስዋገን ዕቃ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር ያለ ስለሚመስለው ነው። መኪናው ከውጭ ሲታይ ለብዙ ዘመን አንድ ቢመስልም፣ ውስጡ በየጊዜው ተለዋውጧል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ባብዛኛው በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ በ12 ቮልት ናቸው። የፊተኞቹ ቸርኬ 5 ብሎን ያለው ሲሆን፣ የኋለኞቹ 4 ነው። የፒስተኑ ስፋት በ1200ና በ1300 ሞተር 77 ሚሊሜትር፣ በ1500 83፣ በ1600 ደግሞ 85.5 ነው። የፍሬን ማስተሩም በፊተኞቹ ባለ አንድ መሥመር፣ በኋለኞቹ ባለ ሁለት መሥመር ነው። እንግዲህ ባለሱቁ ሳይጠይቅ ዕቃ ቢሸጥ፣ ደንበኛው ማግሥቱን ተቈጥቶ ይመለሳል፤ አስመጪውም ሳይጠይቅ ቢያዝዝ፣ የማይሸጥ ዕቃ በመጋዘኑ ይከማችበታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ከቀድሞው ይልቅ ኪስ ይጎዳል።

መድኃኒቱ ሁለት ቍጥር መጠየቅ ነው። የሻንሲ ቍጥሩ ከኋላ ወንበር በታች፣ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ከፍ ያለ ብረት ላይ ተቀርጿል፤ የሞተሩ ቍጥር ደግሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት መቆሚያ ሥር ይገኛል። ሁለቱን የሚጠየቀውም ሻንሲውና ሞተሩ ባንድ ዓመት የተሠሩ ላይሆኑ ስለሚችሉ ነው፤ አርባና ሃምሳ ዓመት ያገለገለ መኪና ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳይለወጥ አይቀርምና።

ፋብሪካው ለየዕቃው የሰጠውን ቍጥር ማንበብ የቻለ ነጋዴም ከብዙ ድካም ይድናል። ቍጥሩ ባብዛኛው ሦስት ሦስት አኃዝ ባላቸው ሦስት ክፍሎች የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዕቃው በመጀመሪያ ለየትኛው ዓይነት መኪና እንደ ተሠራ ያመለክታል። የሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያ አኃዝ ዕቃው ከየትኛው የመኪና ክፍል እንደ ሆነ ይናገራል፤ 1 ሞተር፣ 2 ቤንዚንና ጭስ ማውጫ፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት አክስል፣ 5 የኋላ አክስል፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 7 ፔዳልና ማንሻ፣ 8 የመኪናው አካል፣ 9 የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። የመጨረሻው ክፍል ዕቃውን ለይቶ ሲያሳውቅ፣ ከቍጥሩ ኋላ የሚጨመር ፊደል ደግሞ ዕቃው መሻሻል እንደ ተደረገበት ይገልጻል። ስለዚህ የትእዛዝ ደብዳቤ ሲጻፍ ፊደሉን መተው አይገባም፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት የማይገጥም ዕቃ ሊመጣ ይችላልና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የታማኝነት ጉዳይ ነው። በገበያ ላይ በመጀመሪያው ፋብሪካ የተሠራ፣ በሌላ የታወቀ ፋብሪካ በጥንቃቄ የተሠራና ስሙን ብቻ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ጎን ለጎን ይገኛል። ለመብራት ክብ ወይም ለወንበር ልብስ ርካሹን የሚመርጥ ገዢ ቢኖር፣ ነጋዴው እውነቱን ነግሮት ቢሸጥለት ነውር የለበትም። ለፍሬን ሸራ፣ ለፍሬን ቱቦና ለፍሬን ማስተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ቱቦው የፈነዳበት ሰው፣ የሱቁን ስም በደረሰኙ ላይ ሊያነብ አይመለስም። ስለሆነም ባለሱቁ ምንጩን የማያውቀውን የፍሬን ዕቃ አለመሸጡ፣ አስመጪውም ከማያውቀው ቤት አለማዘዙ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ ቦታዎች ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰውም የሻጩን ማንነት አውቆና ደረሰኝ ተቀብሎ ቢገዛ፣ የተሰረቀ ዕቃ ይዞ ከመጠየቅ ይድናል።

ላኪዎች ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። በድሮ ሱቆች መደርደሪያ ጥግ፣ ከነማሸጊያው ተረስቶ የቀረ የጥንት መለዋወጫ ዕቃ ቢኖር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አዳሾች ዛሬ ከተሠራው አዲስ ዕቃ አስበልጠው ይፈልጉታል። ዕቃው እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ከመሸጡ በፊት ማሸጊያውን ጠርጎ፣ ቍጥሩን መዝግቦ፣ ዋጋውን ማጠያየቅ ብልህነት ነው። ማሸጊያው ራሱ ዋጋ ስላለው መቅደድ አይገባም።

መኪናውን እንደ ፈቃዱ መለወጥ የሚወደው ደንበኛም ምክር ያሻዋል። የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ ሞተር የለወጠ ሰው ለውጡን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ መኪናውን ሊሸጥ ሲል ይቸገራል። መኪናውን ከ6 ወደ 12 ቮልት የሚያዛውር ሰውም ባትሪና ዲናሞ ብቻ ሳይሆን አምፖሎቹን፣ ኮይሉንና የፍሬቻውን ማብሪያ ማጥፊያ ጭምር መለወጥ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። ከዚህም የራቀ ለውጥ አለ። በ2019 የቮልስዋገን ኩባንያ «ኢክላሲክስ» ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌውን መኪና በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ለውጦ በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት አሳይቷል። በኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግዱ ወንድሞቻችን ይህን መንገድ ከወዲሁ ቢያጠኑት መልካም ነው።

በመጨረሻም ለባለሱቁ አንድ ቀላል ምክር እንሰጣለን። ለእንዲህ ያሉ ደንበኞች የተለየ መዝገብ ይክፈት፤ በእርሱም ላይ የደንበኛውን ስም፣ የመኪናውን ዓመት፣ የሻንሲና የሞተር ቍጥር፣ የቮልቱን መጠን፣ ጠይቆ ያጣውንም ዕቃ ይጻፍ። በየሦስት ወሩ ይህን መዝገብ ለአስመጪው ቢያሳየው፣ አስመጪው በግምት ሳይሆን በእርግጠኛ ፈላጊ ልክ ያዝዛል፤ ገንዘቡም በመጋዘን አይታሰርም። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ደግሞ ዕቃውን በትክክል ያገኘበትን ሱቅ ለወዳጆቹ ሁሉ ያወራል፤ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁና የሚጠያየቁ ናቸውና። በአንዲት ትክክለኛ ጓርኒሲዮን የተገኘ ደንበኛ እስከ ልጁ ዘመን ደንበኛ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።