ፀሐይ የበላው የትራክተር ቀለም በእጅ ሥራ ሊድን ይችላል

የማኅበር ንብረት የሆነ ትራክተር ወይም የጭነት መኪና ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ቀለሙ ገርጥቶ፣ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ሲታይ በአባላት ዘንድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይነሳል። አንደኛው ወገን ቀለም ለመልክ እንጂ ለእርሻ አይረባም ብሎ ነገሩን ችላ ይለዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ተሽከርካሪው በሙሉ ተፍቆ እንደገና ይቀባ ይላል። የመጀመሪያው ሐሳብ ንብረቱን ለዝገት ይዳርጋል፤ ሁለተኛው ከማኅበሩ ካዝና ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። በሁለቱ መካከል ግን በጨርቅ፣ በፖሊሽና በክንድ ጉልበት የሚፈጸም ሦስተኛ መንገድ አለ።

ቀለም የሚገረጣበት ምክንያት

የተሽከርካሪ ቀለም በዋናነት ሁለት ነገሮችን ይዟል። እነርሱም መልክ የሚሰጠው ዱቄትና ዱቄቱን አያይዞ ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ መሰል ነገር ናቸው። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረርና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሙጫውን ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል። በዚህ ጊዜ ዱቄቱ መያዣ አጥቶ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። ቀይ ቀለም ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ስለሚለቅ፣ የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ቀይ ኮፈን ከጊዜ በኋላ ወደ ሮዝነት ሲያደላ ይታያል።

በደጋ አገር ጉዳቱ ይብሳል። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በአሰላ ወይም በደብረ ማርቆስ ከፍታ ሜዳ ላይ የሚውል ትራክተር፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ ቀለሙ በፀሐይ ይጠቃል። ማዳበሪያ በሚያመላልስ መኪና ላይ የሚቀረው ብናኝም እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝጋል።

አስቀድሞ መመርመር

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው በብዙ ውኃና በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። ከዚያም በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ተደርጎ ይታሻል። ጨርቁ የተሽከርካሪውን መልክ ከያዘ ቀለሙ አንድ ወጥ ነው፤ የሞተው የላይኛው ገጽ ሲነሳ ከሥሩ ጤነኛው ይወጣል። ጨርቁ መልኩን ካልያዘ ግን ከቀለሙ በላይ ብርጭቆ መሰል ሽፋን አለ ማለት ነው። ይህ ሽፋን የደበዘዘ ብቻ ከሆነ በፖሊሽ ይመለሳል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መቀረፍ ከጀመረ ግን የትኛውም ፖሊሽ አያድነውም፤ ያ ክፍል መቀባት ይኖርበታል።

የዛገ ቦታም በፖሊሽ አይድንም። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ሊቀባ ይገባል። ያረጀ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል በውኃ እየረጠበ ይፈቅ እንጂ በደረቁ አይፈቅ፤ ሕፃናትም ከአካባቢው ይራቁ።

አሠራሩ

ሥራው በጥላ ሥር፣ ብረቱ ቀዝቅዞ ሳለ ይከናወናል። ለመወልወያ ጥለቱ የተቆረጠ አሮጌ ነጠላ ወይም ሌላ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። መሬት የወደቀ ጨርቅ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ገጹን ሊቧጥጥ ስለሚችል ሳይታጠብ መልሶ መጠቀም አይገባም።

መጀመሪያ ኮምፓውንድ የተባለው ሻካራ ፖሊሽ በእርጥብ ጨርቅ ተነክሮ፣ በአንድ ጊዜ ከ40 ሳንቲ ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይታሻል። ጨርቁ በቀለም ሲሞላ ሌላው ገጹ ይገለበጣል። መልኩ እኩል ሲሆን ማቆም ያስፈልጋል። የቀለሙ ጠቅላላ ውፍረት በአብዛኛው ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ፣ ብዙ ያሸ ሰው ብረቱን ያወጣዋል። በተለይ በኮፈንና በፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ እጅ ይቅለል።

ቀጥሎ ለስላሳው ፖሊሽ በሌላ ጨርቅ በተመሳሳይ ሁኔታ ይታሻል። በመጨረሻም የመኪና ሰም በስሱ ተቀብቶ ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ ይወለወላል። ሰሙ ውኃን የሚገፋና ቀለሙን ከአየር የሚጋርድ ቢሆንም የሚቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከክረምት በፊትና ከመኸር በኋላ ቢደገም ይጠቅማል። ኮምፓውንድ ግን በየጊዜው የሚደገም አይደለም፤ በታሸ ቁጥር ቀለሙን ይቀንሳልና።

ሊወገዱ የሚገባቸው ልማዶች

አንዳንዶች ቀለሙ እንዲያብረቀርቅ የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ ይቀባሉ። ይህ ለአንድ ሁለት ቀን መልክ ቢሰጥም አቧራ ሰብስቦ ጉዳቱን ያባብሳል። ድስት የሚፈተግበት አመድና አሸዋም ቀለምን ይቧጥጣል። አቧራ ባለበት ቦዲ ላይ ሸራ ማሰርም አይመከርም፤ ሸራው በነፋስ ሲንቀሳቀስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ከሥሩም እርጥበት ያምቃል። ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ፣ ነፋስ የሚያስገባ ዳስ ይሻላል።

የመሪዎች ድርሻ

ሙሉ ቀለም ለማስቀባት ከመወሰኑ በፊት የማኅበሩ መሪዎች አንዱን ፓራፋንጎ ብቻ በእጅ አስወልውለው ውጤቱን ለአባላት ማሳየት ይችላሉ። ከዚያም በፖሊሽ የሚድነው፣ በከፊል የሚቀባውና በሙሉ መቀባት የሚያሻው ክፍል ተለይቶ፣ የእያንዳንዱ ወጪ በቃለ ጉባኤ ቢሰፍር የአባላት ገንዘብ ያለአግባብ አይባክንም።

ይኸው ዕውቀት አሮጌ ትራክተር ለመግዛት በሚታሰብበት ጊዜም ይጠቅማል። ሻጭም ፖሊሽ ማድረግ ያውቃል። በመሆኑም ኮፈኑ አብረቀረቀ ብሎ ከመደሰት ይልቅ ከኮፈኑ ሥር፣ ከመርገጫው አካባቢና ከጭቃ መከላከያው ውስጥ ያለውን ዝገት መመልከት፣ ሞተሩንም በባለሙያ ማስፈተሽ ይገባል። ፖሊሽ የሚያድነው ቀለምን እንጂ ሞተርን አይደለም። ቀለሙም ቢሆን የሚድነው ዝገት ሳይቀድመው በጊዜ ከተደረሰለት ነውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይበጃል።